«ግንዛቤ የላቸውም» የሚባሉት እናቶች

ጥቅምት ሲመጣ የአዲስ አበባ የሆቴል አዳራሾች ሮዝ ይለብሳሉ። ሮዝ ሪባን፣ ሮዝ ቲሸርት፣ መግቢያው ላይ የተወጠረ ሮዝ ባነር። የጡት ካንሰር ወር ነው። ጥር ላይ ተራው የማህፀን በር ካንሰር ይሆንና ባነሩ ብቻ ይቀየራል፤ ንግግሩ ያው ነው። ወደ መድረክ የሚወጣው እንግዳ ሁሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳይናገር አይወርድም፦ «ዋናው ችግር የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት ነው።» ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ የሻይ እረፍት ይሆናል።

ዓረፍተ ነገሯ ስትሰማ ክፋት የላትም። ምን እንደምትሠራ ልብ ብሎ ላያት ግን ሥራዋ ከባድ ነው፤ ጥፋቱን ከአዳራሹ አንስታ ገጠር ያለችውን እናት ታሸክማታለች። እናትየዋ የሞተችው ባለማወቋ ነው ከተባለ በጀት የሚመድበው፣ መሣሪያ የሚገዛው፣ ባለሙያ የሚያሠለጥነውና የሚያሰማራው ሁሉ ነፃ ወጣ ማለት ነው። መፍትሔውም ርካሽ ይሆናል። በራሪ ወረቀት ይታተማል፣ በሬዲዮ የአንድ ደቂቃ መልእክት ይተላለፋል፣ በዓመቱ መጨረሻ «ይህን ያህል ሺህ ሰው ግንዛቤ እንዲያገኝ ተደርጓል» የሚል ሪፖርት ይጻፋል። ስንቷ ከሞት ተረፈች የሚለው ጥያቄ ግን ሪፖርቱ ላይ ቦታ የለውም።

የግንዛቤ እጥረት የለም ለማለት አይደለም። አለ። ብዙ ሴት የማህፀን በር የሚባል የሰውነት ክፍል እንዳላት እንኳ የነገራት የለም፤ «ነቀርሳ» የሚለውንም ስም የምታውቀው መድኃኒት የሌለው የሞት ስም አድርጋ ነው። ጥያቄው ያ እውቀት ብቻውን የት ድረስ ያደርሳታል የሚለው ነው።

የማህፀን በር ካንሰርን ለምሳሌ ማየት ይበቃል። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት በአገሪቱ በዓመት ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ በሽታ ይያዛሉ፤ ከ5 ሺህ በላይ ይሞታሉ። ይህ እንግዲህ ግምት ነው። ሐኪም ሳያያት ቤቷ ተኝታ ያለፈችውን፣ «ሆዷን አሟት ነበር» ተብሎ የተቀበረችውን ማን ይመዘግባታል?

ከሁሉም የሚያንገበግበው ይህ በሽታ ድንገት የማይመጣ መሆኑ ነው። መንስኤው ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው። አብዛኛው ሰው በሕይወቱ በአንድ ወቅት ያገኘዋል፤ ከአብዛኛው ሰው ሰውነትም ጉዳት ሳያደርስ በራሱ ይጠፋል። በጥቂቶች ላይ ግን ይከርማል። ከከረመ በኋላም ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ሃያ ዓመት ማለት ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት ጊዜ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ በአንዱ ቀን አንዲት የሠለጠነች ነርስ የማህፀን በሩን በተበረዘ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ወጥ ቤት ያለው አቼቶ ውስጥ በሚገኘው ነገር፣ ቀብታ አንድ ደቂቃ ብትጠብቅ የተለወጠው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያታል። እዚያው፣ በዚያው ቀን፣ በብርድ ወይም በሙቀት ልታጠፋው ትችላለች። አልጋ መያዝ የለም፣ ኦፕራሲዮን የለም። እናትየዋ ተነስታ በእግሯ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ይህን ያህል ቀላል የሆነ ነገር ስንቷ ጋ ደረሰ? በ2007 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት ከ30 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ተመርምረው የሚያውቁት ከመቶ 3 እንኳ እንደማይሞሉ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ አገልግሎቱ ከሆስፒታል ወርዶ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ደርሷል። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ይደረስ ያለው ግብ ግን ከመቶ 70 ነው። ከ3 ወደ 70 በባነር አይደረስም።

አንዲት እናት ትታሰብ። ዕድሜዋ አርባ ሁለት፣ የስድስት ልጆች እናት፣ ቤቷ ከአስፋልቱ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ የሚርቅ። ከወር አበባዋ ውጭ ደም ማየት ጀምራለች። መጀመሪያ ላይ የዕድሜ ነገር ነው ብላ ተወችው፤ እናቷም በዚህ ዕድሜዋ እንዲሁ ይዛባባት ነበር። ከዚያ ደሙ አልቆም አለ። ደም የሚፈሳት ሴት ቤተ መቅደስ አትገባምና እሁድ እሁድ ከቅጽሩ ውጭ ቆማ መሳለም ጀመረች። አንድ እሁድ፣ ሁለት እሁድ፣ ከፋሲካ እስከ ፍልሰታ። ቀጥሎ ሽታው መጣ። ቡና ሲጠሯት መቅረት፣ ውሃ ስትቀዳ ሰው የሌለበትን ሰዓት መምረጥ፣ ከባሏ መኝታ መለየት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ይህችን ሴት ጤና ሚኒስቴር አያውቃትም፤ ጎረቤቷ ግን ታውቃታለች። ከስድስት ወር ጀምሮ ከቅጽሩ ውጭ የምትቆመው ለምን እንደሆነ የማይገምት የሰፈሩ ሴት የለም። ቡና ላይ ስሟ ይነሳል፣ «ምስኪን» ይባላል፣ ይታለፋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት በእንደዚህ ዓይነቷ ሴት ላይ ሲጠቀስ ይሰማል። ኧረ ምኑን ደበቀችው? ሰፈር ሁሉ ያየውን ነገር ቀርቦ የጠየቃት ሰው ነው የጠፋው።

አሁን ደግሞ ጠየቃት እንበል። በሬዲዮ ሰማች፣ ገባት፣ «ግንዛቤ አገኘች»። ተነስታ ጤና ኬላ ሄደች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወረዳ ስብሰባ ላይ ናት፤ በሩ ተቆልፏል። በሌላ ቀን ጤና ጣቢያ ደረሰች። የሚመረምረው ወጣት ወንድ ነው፤ እሷም አፈረች፣ እሱም ቸኮለ፤ «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ ክኒን ሰጣት። ክኒኑን ጨርሳ ተመለሰች። ሌላ ክኒን። በሦስተኛው ወደ ሆስፒታል ተጻፈላት። ሆስፒታሉ ናሙና ወሰደ፤ ናሙናው የሚነበበው ሌላ ከተማ ነው፤ ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃል። ውጤቱ ሲመጣ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር። በሬው ተሸጠ። አዲስ አበባ ደግሞ የጨረር ወረፋ በወራት ይቆጠራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህን ጊዜ ነው፤ በሽታው ከማህፀን በሩ ወጥቶ ኩላሊቷን ከዘጋ በኋላ ነው ተራዋ የሚደርሰው።

በዚህ መንገድ ላይ ስንት በር አለ? ግንዛቤ የሚከፍተው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት በሮች ቁልፋቸው ያለው በእሷ እጅ አይደለም።

ይህ በግምት የተነገረ ብቻ አይደለም፤ በቡታጅራ አካባቢ ተፈትኖ ታይቷል። ተመራማሪዎች በ22 መንደሮች ያሉ ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆናቸውን ሴቶች በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ቅስቀሳውና ትምህርቱ ለሁለቱም ወገን ተሰጠ። ማለትም ግንዛቤ ለሁሉም እኩል ተዳረሰ። ልዩነቱ አንድ ነበር። የአንደኛው ወገን ሴቶች የአቼቶውን ምርመራ እንዲያደርጉ ተጋበዙ። የሁለተኛው ወገን ሴቶች ደግሞ ትንሽ ብሩሽ ተሰጥቷቸው፣ ማንም ሳያያቸው፣ ናሙናውን ራሳቸው ለራሳቸው እንዲወስዱና ለቫይረሱ ምርመራ እንዲያስረክቡ ተደረገ። ከአንደኛው ወገን የተመረመሩት ከመቶ 50 ሲሆኑ ከሁለተኛው ወገን ከመቶ 84 ሆኑ።

ቁጥሩን ደጋግሞ ማየት ነው። ሴቶቹ ያው የቡታጅራ ሴቶች ናቸው፤ ባህላቸው ያው፣ ባሎቻቸው ያው፣ የተማሩት ትምህርት ያው። ሠላሳ አራቱን ከመቶ የጨመረው ስብከት አልነበረም። መቅረብና ማፈር የሌለበት መሆኑ ነው። በአዳራሹ ቋንቋ ሲነገር እነዚያ ከመቶ ሠላሳ አራቱ ሴቶች «ግንዛቤ የሌላቸው» ተብለው በሪፖርት ይሞቱ ነበር።

ኢትዮጵያ ይህን ትምህርት ከዚህ በፊትም ተምራለች፤ የረሳችው ይመስላል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች ከመቶ 8 ነበሩ። ያኔም የተባለው ይኸው ነበር፤ ባህሉ አይፈቅድም፣ ሃይማኖቱ አይፈቅድም፣ ባሏ አይፈቅድላትም፣ ግንዛቤ የላትም። ከ16 ዓመት በኋላ በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 36 ደረሱ። በመካከሉ የሆነው ሴቶቹ ባህላቸውን መጣላቸው አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለየቀበሌው ሁለት ወጣት ሴቶችን ላከ፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ። ያቺ ወጣት ለሦስት ወር የሚያገለግለውን መርፌ እዚያው ጤና ኬላ ትወጋለች። ገበያ የወጣች ሴት በዚያው ገባ ብላ ተወግታ ትመለሳለች፤ ባል የማያውቅበትም ጊዜ አለ። ትምህርቱና አገልግሎቱ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ነበሩ። የሠራውም ለዚህ ነው።

የወሊዱ ታሪክም እንዲሁ ነው። እናቶች ጤና ጣቢያ አንወልድም ሲሉ ለዓመታት «ግንዛቤ» ተባለ። አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፤ ለምን አትመጡም? መልሱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ምጡ ሌሊት ከመጣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ደርሰንም ገንፎ የሚያገነፋልን፣ ቡና የሚያፈላልን የለም። የእናቶች ማቆያ ቤት ተሠራ፣ ገንፎው ተገነፋ። ቀናቸው የደረሰ እናቶች እየመጡ መሰንበት ጀመሩ። ገንፎ መድኃኒት ሆኖ አይደለም፤ የተጠየቀችው እናት መልስ ስለነበራት ነው።

በካንሰር ረገድ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። አንድ የሚያስገርም ነገር ግን አለ። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ ሴት በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ ሴት ስድስት እጥፍ ነው፤ ምርመራው በአገሪቱ በሰፊው የተጀመረውም ከእነዚህ ሴቶች ነው። «አዲስ ተስፋ» በተባለው ፕሮጀክት ከ2002 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2006 ዓ.ም. ከ16 ሺህ በላይ የሚሆኑት ተመርምረዋል። ከመቶ 10 በሚሆኑት ላይ ምልክቱ ተገኘ፤ በብርድ ለሚሰጠው ሕክምና ተስማሚ የሆኑትም ከሞላ ጎደል ሁሉም ታከሙ። ለምን እነሱ ላይ ተሳካ? ብዙዎቹ ድሆች ናቸው፣ ብዙዎቹ መገለል የደረሰባቸው ናቸው። ነገር ግን ካርድ አላቸው፣ ቀጠሮ አላቸው፣ ከቀሩ ስልክ የሚደውልላቸው፣ ካልተገኙ ቤት ድረስ ሄዶ የሚያንኳኳ ሰው አላቸው፤ አንኳኪዋም ብዙ ጊዜ ያንኑ ሕይወት የምትኖር ሴት ናት። ጤነኛ የምትባለዋ የገጠር እናት ይህ የላትም። የማንም ታካሚ አይደለችም፤ ብትቀር የቀረችበት የለም።

እንግዲህ ማኅበረሰቡን መድረስ የሚባለው ነገር ትክክለኛ ትርጉሙ ይህ ነው። ሰው ሰብስቦ መናገር አይደለም፤ ብትቀር የሚፈልጋት ሰው መኖር ነው። «እትዬ፣ ሐሙስ ዕለት ጤና ጣቢያ ሴት ነርስ አለች፣ እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ» ብሎ አብሮ መሄድ። ውጤቱን ይዞ መመለስ። ቀጣዩን ምርመራ መዝግቦ በጊዜው ደግሞ በሯን ማንኳኳት። ይህ ሥራ ቲሸርት አይፈልግም፤ የሚፈልገው እግርና ደመወዝ ነው።

ደመወዝ ሲባል ነገሩ ይከብዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ሁሉም ይፈልጋታል። ሁለት ሆነው እስከ 5 ሺህ ሕዝብ ያለበትን ቀበሌ ይይዛሉ። ፕሮግራሙ ሲጀመር 16 የነበረው የሥራ ዝርዝር ወደ 18 አድጓል፤ ከመፀዳጃ ቤት ቁፋሮ እስከ ወባ፣ ከክትባት እስከ ሳንባ ነቀርሳ። የቀበሌው ስብሰባ ሲኖር ትጠራለች፣ መዋጮ ሲሰበሰብ ትታዘዛለች፣ ዘመቻ ሲመጣ ጤና ኬላዋን ቆልፋ ትወጣለች። አሁን ደግሞ ካንሰርን ጨምሪ ቢሏት እንደ ወትሮው «እሺ» ብላ ቅጹን ትሞላለች፤ የሚሞላው ቅጹ ብቻ ይሆናል። በሆቴል አዳራሽ ለአበልና ለምሳ የሚወጣው ገንዘብ ለእሷ መጓጓዣና ማበረታቻ ቢውል ምን እንደሚያመጣ የሞከረው ጥቂት ነው። በአገሪቱ ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ሴቶች አሉ። ይህን ያህል የታመነ እግር ያለው አገር በአፍሪካ ብዙ አይደለም፤ እግሩ ግን ነፃ ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው።

እሷ ብቻዋን ትሸከም ማለትም አይደለም። እድር አለ። እድር ለድንኳን፣ ለወንበር፣ ለቀብር ብር አለው፤ አንዲት አባል ስትሞት ማንም ሳይለምነው በዚያው ቀን ይደርሳል። ኤች አይ ቪ ክፉኛ በከፋበት ዘመን በአዲስ አበባ አንዳንድ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ያሉ ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ጀምረው ነበር። ለሞተችዋ የሚወጣው ብር ከፊሉ በሕይወት ሳለች ለሚኒባስ ቢወጣ ደንቡን የሚያፈርስ ነገር የለውም። የንስሐ አባትም አሉ፣ ሼኩም አሉ። ጠበል የያዘችን ሴት ጠበሉን ትተሽ ነይ የሚላት ባለሙያ ያጣታል፤ ጠበሏን ይዛ እንድትመረመር የሚነግሯት ካህን ግን ከመቶ በራሪ ወረቀት ይበልጣሉ። ባልም መረሳት የለበትም፤ ከብት የሚሸጠው፣ መንገድ የሚፈቅደው እሱ ከሆነ ትምህርቱ ለእሷ ብቻ የሚሰጥበት ምክንያት ምንድን ነው?

በተቃራኒው ደግሞ አገልግሎት ሳያዘጋጁ ሰው መቀስቀስ ከዝምታ ይከፋል። ሃምሳ ሴት በስንት ልመና ጤና ጣቢያ ደርሳ፣ አፍራም ቢሆን ተመርምራ፣ «ምልክት አለብሽ፤ ለሕክምናው ጋዝ አልቋል፣ በሌላ ጊዜ ተመለሺ» ከተባለች ያቺ ሴት አትመለስም። ሰፈሯም አይመጣም። ለብርዱ ሕክምና የሚያስፈልገው የጋዝ ሲሊንደር ማለቅና ሞልቶ ለማምጣት መቸገር የታወቀ ደንቃራ ነው፤ በባትሪ የሚሠራው አነስተኛ የሙቀት መሣሪያ ለገጠር የተመቸ የሆነውም ለዚህ ነው። ለቫይረሱ ምርመራ ቢሆን ለሳንባ ነቀርሳ ተብሎ በብዙ ሆስፒታሎች የተተከለው ጂን ኤክስፐርት ማሽን ለዚህም ያገለግላል፤ የመመርመሪያ ካርትሬጁ ዋጋ ግን ርካሽ አይደለም። የበጀት ክርክር መደረግ ያለበት እዚህ ላይ ነበር፤ ስለ ካርትሬጅ በቴሌቪዥን የሚከራከር ባለሥልጣን ግን አይታይም።

ክትባቱ የተሻለ ታሪክ አለው። ኢትዮጵያ የቫይረሱን ክትባት በመደበኛነት የጀመረችው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን በዓለም ገበያ በነበረው እጥረት የተነሳ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ፣ በአመዛኙ በትምህርት ቤት፣ ይሰጥ ነበር። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በተካሄደው ዘመቻ ደግሞ ዕድሜው ከ9 እስከ 14 ሰፍቶ፣ ክትባቱም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ሆኖ፣ ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶች የዘመቻው ዒላማ ሆነዋል። ትልቅ ሥራ ነው፤ መመስገን አለበት። ግን ትምህርት ቤት የሚሰጥ ክትባት ትምህርት ቤት ያለችውን ነው የሚያገኘው። ያቋረጠችው፣ በአሥራ ሦስት ዓመቷ የተዳረችው፣ ሰው ቤት ተቀጥራ ልጅ የምታዝለው፣ ከብት ተከትላ ውሃ ፍለጋ የምትንከራተተው፣ በመፈናቀያ ጣቢያ ያለችው የክፍል ስም ጥሪ ላይ የለችም። ነገ ያቺ በቅጽሩ ውጭ የምትቆመዋ ሴት ማን ትሆናለች ተብሎ ቢጠየቅ ከነዚህ አንዷ ናት።

ሩዋንዳ በ2011 እ.ኤ.አ. ክትባቱን ስትጀምር ከትምህርት ቤት የቀሩትን በየመንደሩ ያሉ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች በስም ይዘው ፈለጓቸው፤ በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ 90 በላይ ደረሱ። ሩዋንዳ ትንሽ አገር ናት፣ መንገዷም ይቀላል፤ ማወዳደሩ ልክ አይደለም የሚል ካለ ከፊል እውነት አለው። «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ግን እዚያም ነበር፣ እዚህም አለ፤ ይህን ወሬ ደግሞ ከሚኒስቴር የሚወጣ መግለጫ አይገድለውም። የራሷን ልጅ አስከትባ «ይኸው ልጄ» የምትል ጎረቤት ናት የምትገድለው።

የታመመችዋስ? ምርመራና ክትባት ለነገ ነው፤ ዛሬ ደሙ እየፈሰሳት ያለችው እናት ጨረር ትፈልጋለች። ለሃያ ዓመታት ያህል በመላ አገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። በቅርብ ዓመታት ጅማና ሐረር ላይ ተከፍቷል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከምዕራብና ከምሥራቅ ለሚመጡ ብዙ ሰዎች የሳምንታት ኪራይ ቀርቷል። የጨረር ሕክምና ግን በየቀኑ፣ ለሳምንታት የሚሰጥ ነው። የጤና መድን ካርዷ መኝታዋንም ምሳዋንም አይከፍልላትም። ለዚህ የቆረጡ ጥቂት ግብረ ሰናይ ድርጅቶች አሉ፤ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ በማዘጋጀት ይታወቃል። ለምጥ ማቆያ የሠራ መንግሥት ለጨረር ማቆያ መሥራት እንዴት አቃተው? ገንፎውን እኮ ያውቅበታል።

በየጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ የቤተሰብ ማህደር የሚባል ፎልደር አለ። ለየአባወራው አንድ። የቤቱ እናት ስም፣ ዕድሜ፣ የወለደቻቸው ልጆች፣ የተከተቡት ክትባት ሁሉ እዚያ ተጽፏል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ማህደሮቹን አውርዳ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ብትለይ በአንድ ከሰዓት በኋላ የቀበሌዋን ሴቶች በስም ታውቃቸዋለች። ከዚያ ሦስት ዓምድ ይበቃታል። ተመርምራለች፣ ውጤቷ ተነግሯታል፣ ምልክት ከተገኘባት ታክማለች። ወረዳው በወሩ መጨረሻ ሲደውልላት ስንት ሰው አስተማርሽ ብሎ መጠየቁን ትቶ ሦስተኛውን ዓምድ ያስነብባት፤ ባዶ የሆነውን ስም እየጠራ የት ናት፣ ምን አገዳት ይበላት። መኪና ከሆነ መኪና፣ ጋዝ ከሆነ ጋዝ፣ ሴት ነርስ ከሆነች ሴት ነርስ። ለሚቀጥለው ጥቅምት የተያዘው የአዳራሽ ኪራይ ለስንት ሚኒባስ እንደሚበቃም በዚያው ይታወቃል።